ከከንፈሯ የቀደመ ድምፅ

ታማዝ ውሸቱን የሰማው ከራሱ አፍ ነው፤ ያውም በቴሌቪዥን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ እግሩ ካልሲ ለብሶ ሌላው ባዶውን እንደሆነ። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ድረስ መጥተው ስለ አሮጌው ፊልሙ የቀረጹት ቃለ መጠይቅ ነበር። ወጥ ቤት ያለችው ትንሿ ቴሌቪዥን ድምጿ ከፍ ብሎ ስለነበር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማው። ጠያቂዋ ልጅ፣ «ያ ድምፅ ግን ከየት መጣ? አገር ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚለየው ድምፅ» ስትለው፣ እንደ ለመደው ጉሮሮውን ጠረገና «የላማራ ድምፅ ተፈጥሮ ነው። እኔ ማይክሮፎኑን ከማቅረብ ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም» ብሎ መለሰ። ገርበብ ባለው በር እህቱ ጺሳና ትታየዋለች። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ቦሎቄ ዘርግታ ጠጠር ትለቅማለች። «የላማራ ድምፅ» ሲባል እጇ ቆመ። አንዲት ፍሬ በሁለት ጣቷ እንደያዘች እስከ ሦስት የሚያስቆጥር ያህል ቆየች። ከዚያ ፍሬዋን ድስቱ ውስጥ ጣለቻትና መልቀሟን ቀጠለች። ቴሌቪዥኑን አላጠፋችውም። ታማዝን ያስጨነቀው ይሄ ነው፤ ብታጠፋው ይሻለው ነበር።

ፊልሙ የተሠራበትን ተውኔት ሁላችንም ስምንተኛ ክፍል ላይ በግድ አንብበነዋል፤ ፊልሙን ግን ማንም ሳያስገድደን ነው ያየነው። ኤፌሚያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች። የባሏ ወንድሞች የምትኖርበትን ቤት ሳይነግሯት ይሸጡታል፤ እሷም በመጨረሻ የራሷን ቤት በር አነጋግራ ትሄዳለች። መድረክ ላይ ኤፌሚያን የተጫወተች ሁሉ ይህን ንግግር ወደ ተመልካቹ ዞራ፣ እጇን ዘርግታ፣ እየጮኸች ነው የምትለው። ታማዝ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ተውኔቱን ወደ ሲኒማ ሲያመጣው ሴትዮዋን አዞራት። ጀርባዋን ለካሜራ ሰጥታ፣ ግንባሯን በሩ ላይ ደግፋ፣ ጆሮ ሥር እንደሚያወራ ሰው በዝግታ ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ቴአትር ፊት ያሳያል፤ ሲኒማ ጀርባ ያሳያል» እያለ አስተምሯል፤ ስንት ተማሪ ይህን ደብተሩ ላይ ጽፎ ከሥሩ አስምሮበታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የበሩ ትዕይንት የተቀረጸው ከሁሉም በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ታማዝ በተዋናይቷ በላማራ ፊት ላይ የሚናገረው ድምፅ የላማራ እንደማይሆን ያውቅ ነበር። ሴትዮዋን ያዞራት ከንፈሯን ለመደበቅ ነው።

ያኔ ስቱዲዮው ሥዕሉን ያለ ድምፅ ይቀርጽና ተዋናዮቹን በኋላ ጨለማ ክፍል አስገብቶ በሥዕሉ ላይ ያናግራቸው ነበር። ላማራ አይተው የማይጠግቧት ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ያደገችው በሩሲያ ትምህርት ቤት ነው፤ የገዛ ቋንቋዋን ስትናገር የሰው ጫማ እንዳደረገ ሰው ትንገዳገዳለች። የበሩ ትዕይንት ገና ሳይቀረጽ ሦስት ቀን ሞከሩ። በአራተኛው ቀን ታማዝ እህቱን ይዟት መጣ። ጺሳና በከተማው ቴአትር ቤት አስታዋሽ ነበረች፤ መድረኩ ጫፍ ላይ ካለችው ጉድጓድ መሰል ሳጥን ውስጥ፣ ጭንቅላቷ ከተዋናዮቹ ጫማ ትይዩ ሆኖ ተቀምጣ፣ ቃል ለጠፋበት ቃሉን የምትሾካሾክ። ከገበያ እየተመለሰች ስለነበር የሽንኩርት ዘንቢሏን እግሯ ሥር አኖረች፤ የመጀመሪያውን ጥቅልል ሳትሳሳት፣ ሳትደግም ጨረሰችው። አስታዋሽ ሁልጊዜ ከተዋናዩ ግማሽ ቃል መቅደም አለበት፤ አለዚያ ምኑን አስታወሰ። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ የኤፌሚያ ድምፅ ከኤፌሚያ ከንፈር በጥቂቱ ይቀድማል። አንድ ሐያሲ ይህንን አይቶ «ነፍሷ ሥጋዋን አትጠብቅም» ብሎ ጻፈ። ታማዝ ጽሑፉን ቆርጦ አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለው።

የጺሳና ስም ፊልሙ ላይ ያልተጻፈው የስቱዲዮው ሹም «ለአንዲት ሴት ሁለት ሰው አንሸልምም» በማለቱ ነው። ታማዝ ለእህቱ «ለጊዜው ነው» አላት። «እሺ» አለችው። ላማራ ተሸለመች፤ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ለጺሳና አራት ሜትር አረንጓዴ አበባማ ጨርቅ ለቀሚስ ብላ ላከችላት። ጺሳና በማግስቱ ለወንድሟ ወጥ ቤት መጋረጃ አደረገችው። መጋረጃው ዛሬም እዚያው ነው፤ አበባው በመታጠብ ብዛት ጠፍቶ ቅጠሉ ብቻ ቀርቷል። ታማዝ በየጠዋቱ ይከፍተዋል፣ በየማታው ይዘጋዋል።

አራት ሰዓት ላይ የልጅ ልጁ ኬቶ ደወለች። የአሮጌውን ፊልም እድሳት የምትመራው እሷ ናት፤ ቅዳሜ በትልቁ ሲኒማ ቤት ይታያል።

«ባቡ፣ ተቀምጠሃል?»

«ተቀምጫለሁ ባቡ» አላት። አያትም የልጅ ልጅም የሚጠራሩት በዚሁ ስም ነው፤ አያት የተጠራበትን መልሶ ይሰጣል።

«ዘጠነኛው የለም። ከሩሲያ መዝገብ ቤት በተመለሱት የፊልም ሳጥኖች ውስጥ በእኛ ቋንቋ ያለው ድምፅ እስከ ስምንተኛው ጥቅልል ነው። የመጨረሻው በሩሲያኛ ብቻ ነው ያለው። የቴሌቪዥኑ ቅጂ ድምፁ ተበልቷል፣ ለትልቅ ሲኒማ አይሆንም።»

«ዘጠነኛው እኮ በሩ ነው።»

«አውቃለሁ። ኤፌሚያ በሩን በሩሲያኛ ልታናግረው ነው። ግን አታስብ፣ ከቴአትር ቤት አንዲት ጎበዝ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስቱዲዮ ይዣለሁ። ከዛሬ በኋላ ጊዜ የለንም።»

«ልጅቷን አትጥሪያት። ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«ማንን?»

«ሰው ነዋ» አለና ዘጋው።

ከዘጋው በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። እንግዲህ አምስት ሰዓት አለው። ጺሳናን ካልጠየቃት የፊልሙ የመጨረሻ አሥራ አንድ ደቂቃ በባዕድ ድምፅ ይወጣል። ከጠየቃት ደግሞ ለኬቶ፣ ቀጥሎም ለአገሩ ሁሉ፣ ሃምሳ ዓመት ምን ሲያወራ እንደኖረ መናገር አለበት። ጫማውን አድርጎ ዳቦ ሊገዛ ወጣ፤ ዳቦ እቤት ነበር። ተመልሶ ሲገባ ጺሳና ዳቦውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ስንት ሆነ?»

«አንድ ላሪ ከሰማንያ።»

«ባለፈው ሳምንት ከሃምሳ ነበር። በዚያ ላይ አሮታል።» ዳቦውን ከሌላው ዳቦ ጎን አስቀመጠችው። ለምን ሁለተኛ እንደገዛ አልጠየቀችም።

አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። የእሱ ሚስት ስትሞት፣ የእሷ ቤት ጣሪያም በዚያው ክረምት ሲወድቅ፣ ጺሳና በሁለት ሻንጣ መጥታ ከኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዘች፤ የታማዝ የፊልም ቆርቆሮዎች የነበሩባትን። ቆርቆሮዎቹን አላስወጣችም፤ በላያቸው ጣውላ አጋድማ አልጋ አደረገቻቸው። የጉልበት መድኃኒቷን፣ የጡረታ መታወቂያዋንና ከቴአትር ቤት ይዛ የወጣቻቸውን የአስታዋሽ መጻሕፍት እዚያው ትራሷ ሥር ታስቀምጣለች። ስለ ሰው፣ ስለ ጤና፣ ስለ ጋዝ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ያወራሉ። ስለ ፊልሙ አውርተው አያውቁም። ፊልሙ በየዓመቱ በበዓል ቀን በቴሌቪዥን ሲመጣ ጺሳና ልብስ ለማስጣት ሰገነት ላይ ትወጣለች። አንድ ዓመት ዝናብ እየዘነበ ወጥታለች።

ታማዝ ይህን ሁሉ እያሰበ ያንን ግብዣ አስታወሰ። ፊልሙ በተመረቀ ማግስት እዚሁ ቤት አርባ ሰው ተጠርቶ ነበር፤ የጽዋው መሪ ራሱ ታማዝ ነበር። መሪ ማለት ለማን እንደሚጠጣ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ቃል የሚወስነው ነው፤ ስሙ ያልተነሳ ሰው በልቶ እንዳልተጋበዘ ይቆጠራል። ለሞተው ጸሐፊ ጠጣ፤ ለላማራ ሦስቴ ጠጣ፤ ለካሜራው ባለሙያ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለሾፌሩ ጠጣ። በቀረጻው ጊዜ እግሩ ተሰብሮ ለሞተው ፈረስ እንኳ ቆሞ ጠጣ፤ ስለ ፈረሱ የተናገረው ሰዉን አስለቅሷል። በደንቡ የቤት ሰው የሚነሳው ከእንግዳ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን መጨረሻው አልደረሰም፤ አንዱ ዘፈን አነሳ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ሰዉ በዘፈኑ ተበተነ። ፈረሱ ሲወደስ ጺሳና የሥጋ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጽዋው ተነስቶ ሳያልቅ ማለፍ ነውር ስለሆነ ታማዝ ስለ ፈረሱ የተናገረውን ሁሉ ትኩስ ሳህን በእጇ እንደያዘች ሰምታ ጨረሰች።

ሰባት ሰዓት ላይ ቦሎቄው ቀረበ። የተከተፈ ጎመን በኮምጣጤ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ የተጠበሰ ቃሪያ።

«የዘጠነኛው ጥቅልል ድምፅ ጠፍቷል» አለ ታማዝ ሳህኑን እያየ።

«ጨው ጨምርበት።»

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ይቀረጻል።»

«ጥሩ ነው። ልጆች ሞልተዋል፤ አንዷ ትለዋለች።»

«አንቺ ብትይው ብዬ ነው።»

ጺሳና ቂጣዋን ለሁለት ቆርሳ ትንሿን ለእሱ አስቀመጠችለት። «ማን ሆኜ?»

«እንዴት ማን?»

«ታዞ» አለችው በልጅነት ስሙ፤ «ዛሬ ጠዋት በቴሌቪዥን የላማራ ነው ስትል ሰማሁህ። ላማራ ከሞተች ስድስት ዓመቷ። ታዲያ አሁን እኔ ሄጄ ብናገር ሬሳ ተናገረ ሊባል ነው? ሰው ይደነግጣል እኮ።»

ታማዝ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ለኬቶ እነግራታለሁ።»

«ከመናገሬ በፊት ነው ወይስ ከተናገርኩ በኋላ?»

ታማዝ ጨው ጨመረበት። ጺሳና ጥቂት ጠበቀችውና «በል ቦሎቄህን ብላ፣ ይቀዘቅዛል» ብላ ተነስታ ክፍሏ ገባች። በሩ ሲዘጋ ሰማው። አለቀ ብሎ ደመደመ። ሳህኖቹን አጠበ፤ ሁለቱንም ደግሞ አጠባቸው። ስልኩን አንስቶ ለኬቶ ልጅቷን ጥሪያት ሊላት ሲል ጺሳና ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ አንድ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ በብብቷ ይዛ ወጣች።

«ታክሲ ጥራ። በሚኒባስ አልሄድም፣ ጉልበቴን ያመኛል። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ ደግሞ። ያንን በር ሌላ ሴት መጥታ እንድትጮኽበት ስለማልፈልግ ነው።»

ታክሲው ዘጠኝ ላሪ ወሰደ። ወንዙን እስኪሻገሩ ታማዝ ለኬቶ የሚለውን በልቡ እያዘጋጀ ነበር፤ ሦስት ዓይነት መነሻ አገኘለት፤ ሦስቱም የሚጀምሩት በዚያን ዘመን ስቱዲዮው እንዴት ይሠራ እንደነበር በማብራራት ነው።

ስቱዲዮው ምድር ቤት ነው። የድምፅ ባለሙያው ቫዣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ወንበሩ የጠበበው ሰው ነው። ኬቶ ጺሳናን ስታይ መጀመሪያ የታመመ ሰው አለ ብላ ደነገጠች።

«አክስቴ? ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«አያትሽን ጠይቂው።»

ኬቶ ወደ አያቷ ዞረች። ታማዝ አፉን ከፈተ። ሦስቱም መነሻዎች ነበሩት። «እንጀምር፤ በኋላ እናወራለን» አለ።

ጺሳና አየችው፤ ጠዋት ጠጠር ስትለቅም ቦሎቄውን ባየችበት አስተያየት። ድምፅ ወደሚቀረጽበት የመስታወት ክፍል ገባች። ከማይክሮፎኑ ፊት መቆም አልፈለገችም፤ ዝቅ ያለ በርጩማ አስመጣች፤ መብራቱ ይቀነስልኝ አለች፤ ማይክሮፎኑን እስከ አገጯ አስወረደችው። የአስታዋሽ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ ተውኔቱን በቃሏ ብታውቀውም ጽሑፉ ፊቷ ካልተዘረጋ አትናገርም። ኬቶ አያቷ ጆሮ ሥር «ባቡ፣ ኤፌሚያ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አክስቴ ሰባ ሰባት ናት። ደህና ነህ ግን?» አለችው። ሥዕሉ ጀመረ። ከበሩ በፊት ኤፌሚያ ደረጃውን ወርዳ ለባሏ ወንድም ሦስት ዓረፍተ ነገር ትመልሳለች፤ ፊቷ ይታያል። ጺሳና ሦስቱን ተናገረች። ሹክሹክታ ያረጃል ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል፤ ጮክ ብሎ የሚወጣ ድምፅ ነው የሚሰነጠቀው። ኬቶ አፏን ዘጋች።

ቫዣ ግን ሥራው ላይ ነው። «በጣም ጥሩ ነው ካልባቶኖ ጺሳና» አላት በማይክሮፎኑ፣ ትልቅ ሴት በሚጠራበት ማዕረግ። «ግማሽ ቃል ያህል ከከንፈሯ ቀድመዋል። ችግር የለውም፣ እኔ ወደ ኋላ እገፋዋለሁ።» ከዚያ ድምፁን ከቀደመው ጋር ሊያስተያይ ስምንተኛውን ጥቅልል ከፈተ፤ ሳይነካካ የተቀመጠውን፣ ከሩሲያ እንደመጣ። ሰማ። ወደ አዲሱ ተመለሰ። ሁለቱን መስመሮች ስክሪኑ ላይ አንዱን ከሌላው በላይ አስቀመጣቸው። የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ባቶኖ ታማዝ፣ እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ የማሽን ጥፋት ነው ብዬ ይሄንን ክፍተት ሳርም ነበር» አለ። «ስምንቱም ላይ አለ። ልክ በዚህች ልክ። እሷ ላይም አለ።»

ታማዝ ወንበር ፈለገ፤ የተያዘ ስለነበር ቆመ። «መልሰው» አለ።

«ስምንቱንም?»

«ስምንቱንም። እንደነበረ አድርገው። እሷ ናት። ከመጀመሪያው ጥቅልል እስከ መጨረሻው ጺሳና ናት። ላማራ አንድ ቃል የላትም።»

«አንድም?» አለች ኬቶ።

«ሦስተኛው ላይ ታስላለች። ሳሉ የእሷ ነው።»

ኬቶ ስትናገር ታማዝ የጠበቀውን አላለችም። «እኔ እኮ መመረቂያዬን በዚህ ፊልም ነው የጻፍኩት። ስለ ጀርባዋ ሠላሳ ገጽ። ቴአትር ፊት ያሳያል፣ ሲኒማ ምናምን።»

«ስንት ሰጡሽ?»

«ዘጠና አንድ።»

«ጥሩ ነው።»

«ባቡ፣ አትቀልድብኝ። ሃምሳ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ እየኖራችሁ…»

«አሥራ አራት» የሚል ድምፅ መጣ ከድምፅ ማጉያው። ቫዣ የመነጋገሪያውን ቁልፍ እንደተጫነ ረስቶታል፤ መስታወቱ ክፍል ውስጥ ሁሉም ይሰማል። ጺሳና በርጩማዋ ላይ ቀና ብላ መነጽሯን ጠረገች። «የበሩን ልበለው ወይስ መጀመሪያ ትጨርሳላችሁ?»

«ጨርሰናል» አለ ታማዝ።

መብራቱ ተቀነሰ። ሥዕሉ ላይ ላማራ በሃያ ስምንት ዓመቷ፣ በዚያ አይተው በማይጠግቡት አንገቷ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ግንባሯን በሩ ላይ ደገፈች። ጺሳና ሥዕሉን አላየችም፤ መጽሐፏን ነው የምታየው፤ ዳር ዳሩ ላይ ሦስት የመድረክ ተዋናዮች የሚተነፍሱበት ቦታ በእርሳስ ምልክት የተደረገበትን። «አንተ አይደለህም የዘጋኸኝ፤ እኔ ነኝ የምዘጋህ» ከሚለው ተነስታ እስከ መጨረሻው ሄደች። አልቸኮለችም፤ አላለቀሰችም። ቫዣ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረው። ታማዝ ከሃምሳ ዓመት በፊት ይህን ሲሰማ ያሰበው ሥዕሉ እንደተረፈለት ነበር። ዛሬ ሥዕሉን አላየውም፤ በመስታወቱ ውስጥ የእህቱን ግራጫ ካፖርት ነው ያየው፤ አንዱ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር እንደተተከለ እስከ ዛሬ አላስተዋለም ነበር።

ስትወጣ ኬቶ ወረቀት ይዛ ጠበቀቻት። «አክስቴ፣ ስምሽ ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ከላማራ ቀጥሎ ይገባል። ለብቻው። እንዴት ይጻፍ?»

«ስሜ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ። ላማራን ግን እንዳታወርጃት። ያንን ደረጃ ሃያ ሰባት ጊዜ የወረደችው እሷ ናት፣ በዚያ እግር በሚያቆስል ጫማ።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እቤት ነበሩ። ኬቶም አብራ መጣች፤ ከሰፈሯ በላስቲክ ጠርሙስ የቤት ወይን ይዛ። ጺሳና ካፖርቷን አውልቃ ሽርጧን አሠረችና የምሳውን ቦሎቄ ልታሞቅ ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃው ላይ ቆመች። ተቀመጪ ቢሏት «ያርብኛል» አለች። ኬቶ ሦስት ብርጭቆ ቀዳች። ውጭው ጠቁሯል፤ ታማዝ እንደ ልማዱ መጋረጃውን ሊዘጋ ሄዶ ጨርቁን በእጁ እንደያዘ ጥቂት ቆመ። ዘጋው። ከዚያ አልተቀመጠም። ብርጭቆውን አንስቶ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ኬቶ አይታው ፈገግ አለች፤ ረጅም ሊናገር ሲል እንዲህ ነው።

«በዚህ ቤት» አለ፣ «አንድ ጊዜ አርባ ሰው ጋብዤ ጽዋ መርቻለሁ። ለጸሐፊው ጠጥቻለሁ። ለላማራ ጠጥቻለሁ፣ ለሾፌሩ ጠጥቻለሁ። ለፈረስ ጠጥቻለሁ። ደንቡ የቤት ሰው በመጨረሻ ይነሳል ይላል። እኔ መጨረሻው ላይ ሳልደርስ…» ቆመ። ቀጥሎ የሚመጣው ቀላል ነገር ነበር፤ በታክሲው ውስጥ ሲመለሱ አዘጋጅቶታል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ኬቶ እንዴት እንደምትረዳው አላወቀችም።

ጺሳና አልዞረችም። ቦሎቄውን በማንኪያ እያማሰለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጠረጴዛው ላይ ላለ ሰው ብቻ በሚበቃ ልክ፣ «ለጺሳና» አለች።

«ለጺሳና» አለ ታማዝ፣ ግማሽ ቃል ዘግይቶ፤ ጠጣም።